የኤልስ ጥንስስ

ይህን ከምታነቡት መካከል መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ የማያውቅ ካለ፣ የዚያን ቀን ፍርሃቴ ሳላስረዳው ይገባዋል። የሚጠጣ ካለ ደግሞ ትንሽ ይሳቅብኝ፣ አልቀየመውም። ብቻ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ያን ጊዜ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ግቢ ውስጥ የጓሮ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አገሬ ከምባታ፣ ዱራሜ አካባቢ ነው። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች የታናሽ እህቴ እኩዮች ነበሩ። ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፣ አንድን ነገር ሳላጣራ ማለፍ አይሆንልኝም። ያልገባኝ ቃል ካለ ፍቺውን እስካገኝ ድረስ ያሳክከኛል። መሃል ከተማ የልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በኮሮናው ሎክዳውን ሱቁ ሲዘጋ ውሎዬ ከመጻሕፍት ጋር ሆነ። እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሕፃናት በስልክ አስተምራለሁ። በእኛ ዘንድ አልኮል የቀመሰ ሰው አያገለግልም። ይህ ሕግ ከብዶኝ አያውቅም፤ አምሮኝ አያውቅማ።

ዶክተር አስናቀ በወጣትነታቸው ቤልጅየም ተምረው፣ እዚያው ኤልስን አግብተው፣ አብረው እዚህ የመጡ ሰው ናቸው። ኤልስ ረጅም፣ ጠቃጠቆ ፊት ያላት፣ አማርኛዋ የተሰባበረ ሴት ነበረች። ወንዱንም ሴቱንም «ና! ብላ!» ነበር የምትለው። የተከራየሁ ሰሞን መጻሕፍቴን ካየች በኋላ፣ የቤታቸውን መደርደሪያ አሳይታኝ «ውሰድ፣ መልስ፣ ውሰድ» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ቤተኛ ሆንኩ።

እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ የቼሪ ቢራ ይጠምቃሉ። ገብሱን የሚያበቅሉትና የሚያፈሉት ዶክተሩ ናቸው። እሱ ብዙ ወራት ከተቀመጠ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ ቼሪ ሲደርስ፣ ፍሬውን መርጣ የምትጨምረውና ከዚያ በኋላ ያለውን የምትጠብቀው ኤልስ ናት። ከአባቷ የተማረችው ሙያ ነው። ፍሬው የገባበት ቢራ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ በሆነ የመስታወት ጋን ውስጥ፣ ዕቃ ቤት፣ ብርድ ልብስ ለብሶ እስከ ክረምት ይቀመጣል። እኔ ሲጠምቁ አላይም ነበር። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ።

የዚያን ታኅሣሥ ኤልስ ፍሬውን እንደጨመረች ብዙም ሳይቆይ በሽታው ቤቱ ገባ። ሁለቱም ሆስፒታል ገቡ። የተመለሱት ዶክተሩ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ማሽተትና መቅመስ የሚባለውን እዚያው ጥለው ነው የመጡት። ምግባቸውን የማበስለው እኔ ነበርኩ። ሽሮም ልስጣቸው ሩዝ፣ ወረቀት እንደሚያኝክ ሰው ያኝካሉ።

«ጨው ያንሰዋል እንዴ ዶክተር?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ? አንቺ ቅመሺና ለእኔም ንገሪኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ በቀልድ ነበር። በኋላ ቀልዱም ቀረ፣ ሳህኑም እንደቀረበ መመለስ ጀመረ። ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሲሰፋ አይ ነበር።

ያ ቀን የመጣው በክረምቱ፣ ሦስተኛው ማዕበል ከተማውን ባስጨነቀበት ሰሞን ነው። መጠጥ መሸጥ እንደገና ተከልክሎ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አናናስ እየገዛ በየቤቱ ይጠምቃል ይባላል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ ዶክተሩ ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው መጡ።

«ታደለች፣ ሥራ ይዘሻል?»

«እያነበብኩ ነው። ምነው፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ዕቃ ቤት ይዘውኝ ገቡና ብርድ ልብሱን ከጋኑ ላይ ገፈፉት። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ የመሰለ ነገር እስከ አንገቱ ሞልቶታል። ክዳኑ ላይ ጠመዝማዛ ቀጭን ቱቦ ተሰክቷል።

«ይቺን ታያለሽ? ውስጧ ውሃ ይደረጋል። የቢራው ትንፋሽ በእሷ በኩል ይወጣል፤ የውጭው አየር ግን አይገባም። ውሃውን ኤልስ ነበረች የምትሞላው።» ቱቦዋን በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። «ከሆስፒታል ስመለስ ደርቃ አገኘኋት። መቼ እንደደረቀች አላውቅም። አየር ገብቶ ከሆነ ይሄ ሁሉ አቼቶ ሆኗል ማለት ነው።»

«በዓይን አይለይም?»

«አይለይም። አሁን ደግሞ ጊዜው ደርሷል። ወይ ወደ ጠርሙስ ይገለበጣል፣ ወይ ይደፋል።» አፍንጫቸውን በጣታቸው ጠቆሙ። «እኔ እንደሆንኩ ቤንዚንና ውሃ አልለይም። ጓደኞቼ ግማሾቹ የሉም፤ ያሉትም ሰው ቤት አይገቡም። አንቺ ቅመሺልኝ።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ…» ብዬ ቀረሁ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። መጠየቅም አልነበረብኝም።» ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ብርድ ልብሱን እጃቸው ላይ እንደያዙ ጋኑን ያያሉ። «የመጨረሻ ሥራዋ ነው። እኔ አበላሽቼው እንደሆነና እንዳልሆነ፣ እሱን ማወቅ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

ይህን ሲሉ ሸሚዛቸው ለምን እንደሰፋቸው የገባኝ መሰለኝ። ሰውየው ምግብ ብቻ አልነበረም ያስጠላቸው። ያችን የደረቀች ቱቦ ይዘው ነበር ወራቱን ሁሉ የተቀመጡት።

ደግነቱ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ላምቦሬ፣ የዚያን ዕለት ዘይትና ዱቄት ሊያመጣልኝ ቀጠሮ ነበረው። አጎቴ ጻካኔ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው። ዛሬ የጸሎት ቡድን መሪ ነው፤ ጌታን ከማግኘቱ በፊት ግን በመንደራችን እሱ ያልቀመሰው ጠላ ሠርግ ላይ አይቀርብም ነበር ይባላል። ገና ከበር ሳይገባ ነገርኩት።

«እኔን? አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ጻካኔ ቢሰሙ ምን እባላለሁ! እነዚያ አሮጊቶች ‹ኧይሽ፣ ባለ ስፓዛው ሰክሮ መልስ አሳሳተ› ብለው ያስወሩብኛል።»

«ለሰውየው ብለህ ነው አጎቴ። እየሞቱ ነው።»

ዘይቱን መሬት አስቀምጦ አሰበ። «አፌ ውስጥ አዙሬ ብተፋውስ? መትፋት ኃጢአት ነው የሚል የት ተጽፏል? አንቺ ታነቢ የለ እንዴ፣ አለ?»

«አላጋጠመኝም።»

«ካላጋጠመሽ የለም ማለት ነው። ግቢ፣ ምሪኝ።»

ዶክተሩ በጎማ ቱቦ ስበው ትንሽ ብርጭቆ ላይ ቀዱለት። አጎቴ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጎነጨ። ጉንጮቹ ተነፉ። ወዲያው ፊቱ ጭምድድ አለና ወደ ማጠቢያው ሮጦ ተፋው። ቧንቧ ከፍቶ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ደግሞ ተጉመጠመጠ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ እየተመለሰ። «ይሄ ነገር ሞቷል።»

«አቼቶ ሆኗል?»

«የለየለት አቼቶ! እኛ ዘንድ ጠላ እንዲህ ከሆነ ባለቤቲቱ ጎረቤት ሳያይባት ነው ወስዳ የምትደፋው።»

ዶክተሩ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበሉት። «አመሰግናለሁ አቶ ላምቦሬ። ቀጥተኛ ሰው ነዎት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፣ «ታደለች፣ ጓሮ ወስደሽ ድፊልኝ። እኔ አልችልም» አሉና መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

አጎቴ የተዘጋውን በር እያየ ቆመ። «ምነው፣ ልዋሽ ነበር እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ቢራ ነው አላችሁኝ። ቢራ እንዲህ ይኮመጥጣል?»

«አንተ ምን አደረግህ። የቀመስከውን ነው የተናገርከው።»

ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ ብሎ ወጣ። ፊቱ እንደተጨማደደ ነበር፤ ከመጠጡ ይሁን ከሐዘኑ አልለየሁም።

ጋኑን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጬ እየጎተትኩ ጓሮ አወጣሁት። ሣሩ በክረምቱ ደርቆ ገለባ መስሏል። ክዳኑን ነቅዬ ዘመም አደረግኩት። መጀመሪያ የወጣው ሣሩ ላይ ሲፈስ ቀይ ሆኖ ተንጣለለ፤ ሽታውም ወደ ላይ መጣ።

ጋኑን ቀና አድርጌ ያዝኩት።

የአቼቶን ሽታ አውቀዋለሁ። ሰላጣ በሠራሁ ቁጥር አፍንጫዬን ጠቅ የሚያደርገኝ ነው። ይሄ ጠቅ አላደረገኝም። ላለመሳሳት ማድ ቤት ሮጬ የአቼቶውን ጠርሙስ አመጣሁና አንዱን አሸተትኩ፣ ሌላውን አሸተትኩ። ደግሜ አሸተትኩ። ዘመድም አይደሉም።

እዚያው ጓሮው ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። አጎቴ አልዋሸም። ግን የሚያውቀው ጠላ ነው። ጠላ ከኮመጠጠ አበቃለት። እሱ በሚያውቀው መጠጥ ለክቶ፣ የማያውቀውን መጠጥ ሞቷል አለ። እኔም ዝም ብዬ ጋኑን ጎተትኩ። ይህ ነገር ደህና የሆነ ዕለት ምን ምን እንደሚል ከሁለታችን አንዳችንም አልጠየቅንም። አንዲት ቃል ሳላጣራ የማላልፈው ሴትዮ፣ የሰው ሚስት የመጨረሻ ሥራ ሳላጣራ ልደፋ ነበር።

መኝታ ቤታቸውን አንኳኳሁ።

«ደፋሽው?» አሉ ከውስጥ።

«ዶክተር፣ የኤልስ ቢራ ደህና ሲሆን ይኮመጥጣል ወይ?»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። «ምን አልሽ?»

«ደህና ሲሆን፣ ሲሳካላት፣ ኮምጣጣ ነው ወይ?»

በሩ ተከፈተ። «ኮምጣጣ ነው እንጂ! የሚወደደው ለምኑ ሆነና! ግን አቶ ላምቦሬ አቼቶ ነው እኮ ያሉት።»

«አጎቴ ዘንድ ሁለቱ አንድ ናቸው። የጠላ ሰው ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሸተትኳቸው፤ ይለያያሉ።»

«ሁሉንም ደፋሽው?»

«ጥቂት ብቻ።»

ካፖርታቸውን እንኳ ሳይደርቡ ተከትለውኝ ወጡ። ከጋኑ ፊት ቆምን። «ሽታ ያታልላል» አሉ ቀስ ብለው። «የሚለየው ምላስ ነው።» ቅመሺ አላሉኝም። ጠዋት ከጠየቁኝ በኋላ ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ያስተማርኳቸው ሕፃናት ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ፊት መጣ። ደግሞ እኚህ ሰው በፒጃማ ብርድ ላይ ቆመዋል። አጎቴን መልሼ ብጠራው ያንኑ ነው የሚለኝ። «ጌታ ሆይ፣ የማደርገውን አውቄ ነው የማደርገው፤ ሳላውቅ ነው አልልህም» አልኩ በልቤ። ብርጭቆውን አምጥቼ ቀዳሁ።

ጎነጨሁት።

«ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት።» ከተቀመሰ አይቀር፣ ግማሽ መንገድ ሄጄ ልመሰክር አልፈለግኩም።

ያኔ ሰውየው ተለወጡ። ወገባቸው ቀና አለ። በሽተኛ እንደሚመረምሩ ሆኑ።

«ጉሮሮሽን አቃጠለሽ?»

«አላቃጠለኝም። ምላሴን ግራና ቀኙን ነው የጨመደደኝ።»

«አፍንጫሽን ወጋሽ?»

«አልወጋኝም።»

«ምራቅሽስ?»

«ሞላ። አሁንም እየመጣ ነው።»

«እንደ ምን ነው? አትቸኩይ። በምታውቂው ነገር ንገሪኝ።»

እንደገና ትንሽ ጎንጬ አፌ ውስጥ ያዝኩት። የመጽሐፍ ቃል ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። የመጣልኝ የአባቴ አጥር ነው። «እንደ ኮሽም ነው» አልኩ። «ልጆች ሆነን ከአጥር ላይ፣ እሾሁ እየቧጨረን የምንለቅመው ኮሽም። መጀመሪያ ፊት ያስጨማድዳል፤ ከዋጡት በኋላ ቆይቶ ጣፋጭ ነገር ከኋላ ይመጣል።»

«ኮሽም!» አሉ። «እኔም በልቼ አድጌያለሁ። ስልሳ ዓመት ስለዚህ ቢራ ሳወራ ኮሽም ብዬ አላውቅም። ሌላስ?»

«መጨረሻ ላይ ትንሽ ይመርራል። የኮክ ዘር ሰብረን ውስጡን ስንቀምሰው እንዳለው ዓይነት።»

«የቼሪው የውስጥ ዘር ነው! ከነዘሩ ነበር የምትጨምረው። ሌላስ?»

«ሌላ…» አልኩና አፈርኩ። «አንድ ነገር አለ። ለመናገር ግን ነውር ነው።»

«ሐኪም ፊት ነው የቆምሽው። ተናገሪ።»

«በረት በረት ይላል። ፈረስ ያደረበት በረት። ጭዱም፣ የኮርቻው ላብም።»

ዶክተሩ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። የሰው ሚስት ሥራ በረት አልኩ ብዬ ደነገጥኩ። «ይቅርታ ዶክተር፣ ክፉ ሽታ አይደለም፣ እኔ እንኳ…»

ቀና ሲሉ እንባቸው ይወርዳል፤ ግን እየሳቁ ነው። «መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን አባቷ ቀዱልኝና ‹ፈረሱን አገኘኸው?› አሉኝ። እኔ ሰው ቤት ገብቼ መጠጣችሁ በረት ይሸታል እንዴት ልበል! አላገኘሁም አልኩ። ሽማግሌው በጣም አዘኑብኝ። አግኝቼው ነበር እኮ ታደለች! ኤልስ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅብኝ ኖረች።» አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አልተበላሸም። አላበላሸሁትም።»

«አልተበላሸም» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩት ነገር ጥቂት ነው።

«ቅጂልኝ።»

ቀዳሁላቸው። አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ። «ቅዝቃዜው ብቻ ነው የሚሰማኝ» አሉ። «አንቺ እየነገርሽኝ ልጠጣው። ከመጀመሪያው ጀምሪ።» እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጎነጫሉ። ኮሽሙን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጣፋጭ፣ ምሬቱን፣ ፈረሱን። ፈጥኜ ስሄድ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኛል። ብርጭቆው ሲያልቅ «ዳቦ አለ?» አሉኝ። የቀረበላቸውን ሳይመልሱ ሲበሉ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ።

በማግስቱ ጠርሙሶች አጥበን ገለበጥነው። የዚያኑ ሳምንት ለወንጌላዊያችን ደወልኩ።

«ማን አየሽ?» አሉኝ።

«ማንም አላየኝም።»

«ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ እህቴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተጨንቋል። ጥፋት ነው ብለውኝ አልጮኹብኝም። ሕጉ ግን ሕግ ነውና ከልጆቹ አገልግሎት ለጊዜው አሳረፉኝ። አልተከራከርኩም። ልጆቹ ግን ናፈቁኝ፤ እሁድ ጠዋት ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጥ ነበር። አጎቴ ሲሰማ «እኔ ተፍቼ ጻድቅ ሆንኩ፣ አንቺ ውጠሽ ተባረርሽ!» ብሎ ሳቀብኝና ለማጽናናት ሌላ ዘይት ይዞልኝ መጣ። ዶክተሩን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሞክር እሳቸው እጁን ይዘው «እርስዎ ባይቀምሱ እሷ አትቀምስም ነበር» አሉት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፈው መጠጥ ጠጡ ለማለት አይደለም። እኔ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ወደ አገልግሎቴም ተመልሻለሁ። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ንጽሕናዬን የምለካው ባልነካሁት ነገር ነበር። ያልነካሁት በበዛ ቁጥር ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው አጠገቤ በማላውቀው ነገር ሲሰቃይ ግን «እኔ አልነካም» ማለት ምንም እንደማይጠቅመው አየሁ። ልክ ነበርኩ ወይ ብትሉኝ፣ ዛሬም ሁለት ልብ ነኝ። ብጠየቅ ግን ያንኑ የምደግም ይመስለኛል። ሌላም የተለወጠብኝ ነገር አለ። ከመጻሕፍት በፊት የኖርኩትን ኑሮ እንደባከነ ጊዜ ነበር የምቆጥረው። ዘግይቼ ተማርኩ ብዬ አፍርበት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማፈሩ ተወኝ።

ጠርሙሶቹን ዶክተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ ጋር አንድ አንድ ይከፍቱ ነበር። እኔ ብርጭቆውን አሽትቼ፣ የቀረውን ከትዝታዬ እየጨመርኩ እነግራቸዋለሁ። ወራት አለፉ። ሱቁ ተከፈተ፣ ሥራ ተመለስኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን አልቀርም ነበር። አንድ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ቀድቼ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አምጪው» አሉ።

ሰጠኋቸው። አፍንጫቸውን ወደ ብርጭቆው አስገብተው ቆዩ፤ ረጅም ጊዜ ቆዩ። መናገር ልጀምር አፌን ስከፍት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆይ፣ ዝም በይ» አሉኝ። «ዛሬ እኔ ልንገርሽ።»